እማ ለምን ውሃ እንደምትቀንስ

እሺ፣ ዛሬ ሌላ ነገር ላወራ ነበር፣ አልሆነልኝም። የእማ ነገር ከውስጤ አልወጣም።

አሁን ደህና ናት፣ አልሐምዱሊላህ። በረካ ሳይጠጣ የሚነሳን ሰው መቆጣት ጀምራለች፣ የምታውቋት ታውቋታላችሁ። እኔን የያዘኝ ያ ሌሊት ነው። የደሴ ብርድ፣ የጦሳ ንፋስ። ኮቴ ሰምቼ ስነሳ እማ ከበሩ መቀርቀሪያ ጋር ትታገላለች። «በቅሎዋን ማን ፈታት?» አለችኝ። በቅሎ የነበራቸው ሐይቅ ከተማ ሳሉ ነው፣ እኔ ሳልወለድ። «እማ፣ እኔ ነኝ» አልኳት። ትክ ብላ አየችኝና «ይቀመጡ፣ ቡና ላፍላልዎ» አለችኝ። አንቱ! የወለደችኝ እናት። ተቀመጥኩ። ምን ልበላት?

ጠዋት ጎረቤቶች «እድሜ ነው፣ ጃጅታ ነው» አሉ። ማክሰኞ ደህና የነበረ ሰው ግን ሐሙስ አይጃጅም። ሐኪም ቤት ሄድን፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ሆነ። ትኩሳት የላትም፣ አቃጠለኝም አላለች። ትልልቅ ሰዎች ላይ እንዲህ ይሆናል አለች ሐኪሟ፤ ግን ድንገት መቃዠት ከሳንባ ምች፣ ከስኳር መውረድ፣ ከሚወስዱት መድኃኒትም ሊመጣ ስለሚችል እሱንም ሁሉ አየች። ሽንቷ አንቲባዮቲክ ሳይጀመር ለከልቸር ተወሰደ፣ የትኛው መድኃኒት ተህዋሱን እንደሚገድል የሚያሳየው እሱ ነው። እና እባካችሁ፣ ከመሳቢያ የተረፈ ሲፕሮ (አንቲባዮቲክ ነው) አውጥታችሁ ለእናታችሁ አትስጡ። ተህዋሱ እየለመደው ነው።

ከተሻላት በኋላ ነው እንግዲህ ያወጣችው። ውሃ መጠጣት የምትቀንሰው ለውዱእ (ከሰላት በፊት ለሚደረገው መታጠብ) ነው፤ ለኢንፌክሽኑም ያጋለጣት ይሄው ሳይሆን አይቀርም። ሽንት እያመለጣት «ውዱኤ ይፈርሳል» ብላ፣ ከሰዓት በኋላ ከሚሰገደው የአስር ሰላት ወዲህ ጉሮሮዋ እየደረቀ ዝም። ለማንም ሳትናገር! ሼኩ መጥተው፣ ሽንት የማይቋጠርለት ሰው ለየሰላቱ ወቅት ውዱእ አድርጎ ይሰግዳል፣ ዲኑ ገር ነው አሏት። አለቀሰች። እኔም።

አሁን ደግሞ ሌላ ጣጣ። በወንድሜ ስም ከጠራችኝ ቤቱ ሁሉ «ሽንቷ ይመርመር!» ይላል። ሐኪሟ ግን ምልክት በሌለበት በሽማግሌ ሽንት ውስጥ ባክቴሪያ መገኘት የተለመደ ነው፣ እሱ ብቻውን መድኃኒት አያስፈልገውም ብላናለች። ታዲያ የቱ መርሳት ነው፣ የቱ በሽታ? ድንገት ከመጣ ውሰዷት አለች። ድንገት… እኔ ቀኑን ሙሉ ሥራ ነኝ፣ ድንገት መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ውሃውን እህቴ በሰዓት እንስጣት ትላለች። የእማ ልብና ኩላሊት ደህና ስለሆነ ይቻላል፤ የልብ ድካም ያለበት ሰው ግን መጠኑን ሐኪም ይንገረው። ችግሩ ሌሊት ነው። ሽንት ቤቱ ግቢ ውስጥ ነው፣ ስለዚህ አሁንም ማታ ማታ ብርጭቆውን ትገፋዋለች። ፖፖ ገዛንላት፣ «መስገጃዬ ካለበት ክፍል?» ብላ አስወጣችው። እውነቷን ነው። ግን ደግሞ ብርዱ… ኮሪደሩ ላይ በመጋረጃ እንከልላት ይሆን፣ እንጃ፣ እህቴን ላናግራት…