ተይኝ፣ ላንሳው

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ ብቻዬን ነኝ፣ የማወራችሁም ከደብረ ብርሃን ነው። የሚንኳኳ ነገር ከሰማችሁ ነፋሱ በሩን እየገፋው ነው፤ አትደንግጡ።

ስለ ፓርኪንሰን በሽታ ሲነሳ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ መንቀጥቀጡ ነው። አባባን ሊጠይቅ የሚመጣም ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው ቀኝ እጃቸው ላይ ነው። እሳቸው ግን በመንቀጥቀጡ ብዙም አያማርሩም። የሚያናድዳቸው ካፖርቱ ነው። ክንዳቸው እጅጌው ውስጥ ይገባና መሀል ላይ ቀጥ ይላል። ትንሽ ይጠብቃሉ፣ ይገፋሉ፣ እንደገና ይቆማል። ቁልፉማ ሌላ ጣጣ ነው። በዚህ ብርድ ደግሞ ጠዋት ያለ ካፖርት መውጣት አይታሰብም።

ይሄ ዝግታው ነው። ከዝግታው ጋር የጉልበት ማነስ አብሮ አለ፤ እሱን ልብ የሚለው ጥቂት ሰው ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ጄምስ ፓርኪንሰን እንኳ በ1817 እ.ኤ.አ. በሽታውን ሲገልጽ፣ ከመንቀጥቀጡ ጋር የጡንቻ ኃይል መቀነሱንም ጽፎታል። ነገሩ የሚጀምረው ከጡንቻው አይደለም። አንጎል ውስጥ ዶፓሚን የሚባለውን መልእክት አስተላላፊ ንጥረ ነገር የሚያመነጩት ሕዋሳት እያለቁ ሲሄዱ ለጡንቻው የሚደርሰው ትእዛዝ ይዳከማል፣ ይቆራረጣል። ከዚያ ሰውየው እጁን መጠቀም እየተወ ሲመጣ ጡንቻውም በተራው ይሟሽሻል።

እዚህ ላይ የኛ ደግነት ይገባበታል። በኛ አገር የታመመ ሽማግሌ ዕቃ ሲያነሳ ከታየ የሚታማው ቤተሰቡ ነው። «ልጆቹ የት ሄደው ነው?» ይባላል። ስለዚህ ጆጉን እንቀበላለን፣ ወንበሩን እንስባለን፣ ጋቢውን እናለብሳለን። እኔ ይሄ ደግነት እጅን ያሳጣል ባይ ነኝ። አንድ ቀን ጎረቤታችን አባባ ውሃ የሞላ ሃይላንድ ይዘው ሲያነሱ ሲያወርዱ አየቻቸውና «ኧረ ጋሼ፣ ምን በወጣዎት! እኔ ልያዝልዎት?» አለች። «ተይኝ ልጄ፣ ደሞዜ የሚመጣው በዚህ ነው» አሏት።

የማንሳቱ ደሞዝ በጥናትም የታየ ነው። አሜሪካ ውስጥ ተሠርቶ በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት 48 የፓርኪንሰን ታካሚዎችን ለሁለት ከፍሎ ለ24 ወር ተከታትሏል። አንዱ ቡድን ክብደት እየጨመረ ያነሳል፤ ሌላው የማፍታቻ፣ የሚዛን መጠበቂያና ቀለል ያለ ማጠንከሪያ ስፖርት ይሠራል። በሳምንት 2 ቀን። 6ኛው ወር ላይ ሁለቱም ተመሳሳይ መሻሻል አሳዩ። ልዩነቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። 24ኛው ወር ላይ፣ መድኃኒት ሳይወስዱ ሲለኩ፣ ክብደት እየጨመሩ ያነሱት በግልጽ የተሻሉ ሆነው ተገኙ። ስለዚህ «ሁለት ወር ሞከርን፣ ምንም የለውም» ብሎ መተው አያዋጣም።

እኛ ቤት ጂም የለም። ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ውሃ ሲሞላ ግማሽ ኪሎ ነው። እሱ ሲቀላቸው አሸዋ ይሞላበታል። ቁም ነገሩ መጨመሩ ነው፤ ያው አንድ ሃይላንድ ዓመቱን ሙሉ ቢነሳ ክንዱ ይለምደዋል፣ በቃ። ደግሞ ማጠፍ ብቻ አይበቃም። በዚህ በሽታ ክንድን የሚዘረጉት ጡንቻዎች ድካም ብዙ ጊዜ ይበረታል፤ ከወንበር ተደግፎ ለመነሳት የሚያስፈልጉት ደግሞ እነሱ ናቸው። አባባ ግድግዳው ፊት ይቆሙና በሁለት እጃቸው ይገፉታል። ወደ ግድግዳው ሲጠጉ ቀስ፣ ሲገፉ ፈጠን። እኔ ከኋላቸው እቆማለሁ፤ ይሄ በሽታ ሚዛን ያሳጣል። ትንፋሽ አይያዝም። የሚጀመረውም ኪኒኑ ሥራውን ሲይዝ ነው፤ ጠዋት ገና ሳይውጡት ክብደት ማስነሳት ግፍ ነው።

ቁልፍ መቆለፉ ግን በሃይላንድ አልተፈታም። የጣት ሥራ ለብቻው መለማመድ ይፈልጋል። ክብደት ማንሳቱ በሽታውንም አያድነውም፣ መድኃኒቱንም አይተካም። ልብ ወይም ደም ግፊት ያለበት ሰው ደግሞ ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይጀምር። ፊዚዮቴራፒ ባለሙያ የሚገኝበት ቦታ ካላችሁ አንዴ እንኳ ሄዳችሁ አያያዙን አሳዩት።

በሚቀጥለው ስለ ኪኒኑ ሰዓት አወራለሁ። ኪኒኑ፣ ሌቮዶፓ የሚባለው፣ ከፕሮቲን ጋር ይሻማል፣ እኛ ቤት ደግሞ ሽሮ የማይቀርብበት ቀን የለም። ደህና ሁኑ።