እናቲቱን ከመውቀሳችን በፊት

ክቡራን መምህራን፣ የሕፃናት ጤና ባለሙያዎች፣ ውድ ወላጆች፤

በሕንድ ወይም በፓኪስታን ቤተሰብ ውስጥ አንድ ልጅ አልቀመጥ ሲል፣ የጀመረውን ሳይጨርስ ወደ ሌላው ሲዘልና ደብተሩን በየቀኑ ጥሎ ሲመጣ፣ በመጀመሪያ የሚሰጠው ስም ኤዲኤችዲ፣ ማለትም ትኩረትን የመሰብሰብና ረግቶ የመቀመጥ ችግር፣ የሚለው የሕመም ስም አይደለም፤ በሂንዲና በኡርዱ «ሸራርቲ»፣ በእኛ አነጋገር ቀበጥ ይባላል። ወላጆቹን የሚያስጨንቃቸው «ሎግ ክያ ካሄንጌ» የሚለው ነገር ነው፤ ትርጉሙ «ሰው ምን ይላል» ነውና ለእኛ ማብራሪያ አያሻውም። በክፍል ውስጥ ዝም ብላ በሐሳብ የምትነጉደዋ ልጅ ደግሞ ችግሩ ሳይታወቅላት ጨዋ ተብላ ትታለፋለች።

ዲያና ባውምሪንድ የተባሉት አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የልጅ አስተዳደግን በሦስት ከፍለው ነበር፤ ትእዛዝና ቅጣት የሚበዛበት፣ ልጁን እንደ ፈቃዱ የሚለቅ፣ ጥብቅ ሥርዓትን ከፍቅርና ከማስረዳት ጋር የሚያጣምር። የደቡብ እስያ ወላጆች ብዙ ጊዜ በፊተኛው ምድብ ይጠቃለላሉ። እኔ ግን ይህን ችኩል ፍርድ እለዋለሁ፤ ምክንያቱም አያትና አጎት በአንድ ጣራ ሥር በሚኖሩበት ቤት እናት የተቆጣችውን አያት ታባብለዋለች፣ አባት የከለከለውን አጎት ይፈቅዳል፤ ትኩረቱን መሰብሰብ ለሚቸገር ልጅ ደግሞ ከጥብቅ ሕግ ይልቅ በየሰዓቱ የሚለዋወጥ ሕግ ይከብደዋል።

ይህ ኤዲኤችዲ የምንለው ችግር በአብዛኛው ከዘር የሚወረስ የአንጎል ዕድገት ጉዳይ እንጂ የማሞላቀቅ ወይም የቁጣ ውጤት አይደለም። ተመራማሪዎቹ ራስል ባርክሌይና ቻርልስ ካኒንግሃም በ1979 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት የሰሜን አሜሪካ ጥናት፣ ችግሩ ያለባቸው ልጆች ሜቲልፌኒዴት የተባለውን ትኩረትን የሚያግዝ መድኃኒት ሲወስዱ ለእናቶቻቸው ይበልጥ ታዘዙ፤ የእናቶቹም ትእዛዝ ቀነሰ። መድኃኒቱን የዋጡት ልጆቹ ነበሩ፤ የተለወጡት ግን እናቶቹም ጭምር ናቸው። እንግዲህ ከውጭ የምናየው የእናት ቁጣ፣ ቢያንስ በከፊል፣ የልጁ ችግር ያመጣባት ድካም ውጤት ነው።

ይህን ስል ዱላን ማጽደቄ አይደለም፤ ቅጣት ሲደጋገም እልኸኝነትን ያባብሳል። የምጠይቀው፣ አጭር ትእዛዝ አንድ በአንድ መስጠትን፣ ልጁ እሺ ባለበት ቅጽበት ማመስገንን የሚያስተምረው የወላጆች ሥልጠና፣ ለእናቲቱ ብቻ ሳይሆን ከጎኗ ለተቀመጡት ለአያትየዋም እንዲሰጥ ነው፤ አለዚያ የተማረችውን ይዛ ወደ ቤት ስትመለስ የምትሟገተው ከአማቷ ጋር ይሆናል።

አመሰግናለሁ።