ያልደረቀ ደም፦ ጭምብል ስላጠለቀው እኩይ

ጤና ይስጥልኝ። እንደምን ሰነበታችሁ? ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ወልድያ ያላችሁ፣ ከወሎ ርቃችሁም የምታዳምጡ። የዛሬው ክፍል ስለ አንድ ዓይነት ገጸ ባሕርይ ነው፤ ክፋት እየሠራ ክፋቱ ራሱን ስለሚያመው እኩይ። ይህን የምናገረው በተለይ በአማርኛ የሳይንስ ልብ ወለድ ድራማ ለጆሮ ለመጻፍ ለምታስቡ ነው። የፊልሞቹን ዓመታት በፈረንጅ እጠራለሁ፣ የእኛን በእኛ።

ከድልድዩ ልጀምር። ስታር ዋርስ በሚባለው የአሜሪካ የጠፈር ፊልም ተከታታይ፣ በ2015 በወጣው ክፍል ውስጥ አንድ ረጅም ጠባብ ድልድይ አለ፤ ከሥሩ ገደል። ልጅ በላዩ ሲሄድ አባት ከኋላው በስሙ ይጠራዋል። ያ ስም ቤን ነው፤ ልጁ ግን ካይሎ ሬን ነኝ ካለ ቆይቷል። አባቱ ሐን ሶሎ ጭምብልህን አውልቅ ይለዋል፤ ያወልቃል። ልጁ ማድረግ ያለበትን ያውቃል፣ ለዚያ የሚሆን ጉልበት ግን ያለው አይመስለውም። እርዳኝ ይላል። አባትም ያለማመንታት እሺ ይላል። ልጁ የብርሃን ሰይፉን ያቀብለዋል፤ ሁለቱም እጃቸው ሰይፉ ላይ ነው። በዚህ መሀል ከላይ የሚገባው የፀሐይ ብርሃን እየደከመ ይሄዳል፣ ግዙፉ መሣሪያ ፀሐይቱን እየመጠጣት ነውና። ብርሃኑ ሲጠፋ የልጁ ፊት ላይ ቀዩ ብቻ ይቀራል። ያኔ ሰይፉ ይበራል። አባት የልጁን ጉንጭ ዳስሶ ይወድቃል።

ይህን ትዕይንት የሚሸከመው «እርዳኝ» የሚለው ቃል ነው። አባት «ወደ ቤት ለመመለስ እርዳኝ» ብሎ ሰማው። ልጁ ምናልባት «አንተን ለመግደል እርዳኝ» ማለቱ ነው። ብርሃኑ እስኪጠፋ ድረስ ሁለቱም ትርጉሞች እኩል ያስኬዳሉ፤ ልጁ ራሱም የትኛውን እንዳለ የሚያውቅ አይመስልም። የተከፈለ ልብ ማለት ይህ ነው። ብዙ ጀማሪ ደራሲ ግን እኩዩን መስኮት ላይ አቁሞ «ምነው እንዲህ ሆንኩ» ያሰኘዋል። ያ ሐዘን ነው እንጂ መከፈል አይደለም። መከፈል አንድ እጅ ሁለት ሥራ ይዞ ሲገኝ ነው።

በ1983ቱ ደግሞ የካይሎ አያት አለ፣ ዳርዝ ቬደር። ንጉሠ ነገሥቱ የቬደርን ልጅ ሉክን በመብረቅ ሲያቃጥለው ቬደር አጠገባቸው ቆሟል። ጭምብሉ አይንቀሳቀስም። ወደ ጌታው ያያል፣ ወደ ልጁ ያያል፣ እንደገና ወደ ጌታው። ከዚያ ንጉሠ ነገሥቱን አንስቶ ወደ ጉድጓዱ ይወረውረዋል። በመጀመሪያው ቅጂ ይህን ሁሉ ሲያደርግ አንዲት ቃል አይወጣውም። በ2011 ፊልሙ በብሉ ሬይ ሲታተም ግን «አይሆንም!» የሚል ጩኸት ተጨመረበት። ለእኔ ያ ጭማሪ ጉዳት ነው። ጭምብሉ ዝም ሲል ተመልካቹ የራሱን አባት፣ የራሱን ጥፋት ይጨምርበት ነበር፤ ጩኸቱ መጥቶ ያንን ቦታ ያዘበት። ስትጽፉም እንዲሁ ነው፤ ውሳኔው ላይ ስትደርሱ ንግግሩን ሰርዙና ድርጊቱ ብቻውን ይቆም እንደሆነ ሞክሩት።

አሁን ስለ መሰላሉ። ሰው ወደ ክፋት የሚወርደው በደረጃ ነው፤ ደራሲው አንድ እርከን ከዘለለ አድማጩ ያመልጠዋል። ኋላ ቬደር የሚሆነው አናኪን በ2005ቱ ፊልም የሚስቱን ሞት ፈርቶ ነው የሚጀምረው። የአንዱን ጄዳይ፣ የደጉን ወገን ተዋጊ፣ እጅ ይቆርጣል፣ ወዲያው ቬደር የሚል ስም ይቀበላል፣ ወዲያው ሕፃናት ወዳሉበት ቤተ መቅደስ ሰይፉን ይዞ ይገባል። ከእጅ እስከ ሕፃናት ያለው ርቀት ለአንድ ሌሊት በዛ። በ2002ቱ ክፍል እናቱ ስትሞትበት አንድ ሙሉ ሰፈር ፈጅቶ፣ ሴቶቹንና ልጆቹን ጨምሮ፣ ኋላ ሚስቱ ለምትሆነው ለፓድሜ መናዘዙ ለዚህ የተቀመጠ እርከን ነበር። ያ እርከን ባይኖር ኖሮ ውድቀቱ ጭራሽ አይታመንም ነበር።

ከሁሉ የምወደው እርከን ግን በ2017ቱ ክፍል ያለው ነው። ካይሎ የጦር ጄቱን እያበረረ እናቱ ሌያ ያለችበት መርከብ ፊት ይደርሳል። አውራ ጣቱ መተኮሻው ላይ ነው። እናቱ እንዳለች ይሰማዋል፤ ጣቱን ያነሳል። አጃቢዎቹ ግን ይተኩሳሉ። እጁን መሰብሰቡ ምንም አላዳነም፤ የሚተኩሰው ሠራዊት የእሱ ነዋ። የራሱን እጅ ንጹሕ አድርጎ ትእዛዙ እንዲሠራለት የሚፈልግ ሰው፣ እዚህ ላይ ቆም በሉ፣ በየመሥሪያ ቤቱ የምናውቀው ሰው ነው።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ቬደር ከክፋቱ በተመለሰ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይሞታል። ካይሎም በ2019ኙ መጨረሻ ተመልሶ፣ ጀግናዋን ሬይን አድኖ ይሞታል። ሁለቱም ሞቱና ሁሉም ነገር አለቀ ተባለ። የወሎ ሽማግሌ ይህን ቢያይ «ባለ ደሞቹስ የት አሉ?» ብሎ ነበር የሚጠይቀው።

ሌያን አስቧት። በ1977ቱ ፊልም ቬደር አስሮ ያስመረምራታል። የተወለደችበት ያህል የምታየው አልደራን የምትባለው ዓለም ዓይኗ እያየ ሲፈነዳ የያዛት እሱ ነው። በ1983ቱ ደግሞ አባቷ መሆኑን ከወንድሟ ከሉክ ትሰማለች። በእነዚያ ሦስት ፊልሞች ግን «ይህን አድርጌብሻለሁ» ብሎ ፊቷ የሚቆምበት ትዕይንት የለም። ሉክ ሬሳውን በእሳት ይሸኛል፣ መንፈሱ ከደጎቹ ጋር ቆሞ ይታያል፣ በዓል ይሆናል። ከዚያ በ2015 ማን መጣ? የሌያ ልጅ፣ የአያቱን የቀለጠ ጭምብል አስቀምጦ የሚለማመን። ያልደረቀ ደም በልጅ ልጅ ተመለሰ። የፊልሙ ሰዎች ይህን አስበውት ይሁን አይሁን ለክርክሬ አያስፈልገኝም፤ ታሪኩ ራሱ እንዲህ ቆሟል።

በወሎ የአበጋር ሽምግልና፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድነት በሚቀመጥበት፣ ነገሩ በዚህ አያልቅም። ዝርዝሩ ከቦታ ቦታ ቢለያይም አካሄዱ የታወቀ ነው፦ መጀመሪያ የገዳይ ወገን ከባለ ደም ዓይን ይርቃል፤ ሽማግሌዎች ወደ ባለ ደሞች ይሄዳሉ፣ አንዴ ሳይሆን እየተመላለሱ። ጥፋተኛው ጥፋቱን በአፉ ያምናል። ካሣ ይቆረጣል። ከብት ይታረዳል፣ መሐላ ይፈጸማል፣ ደም ይደርቃል። ልብ በሉ፣ ይህ ሁሉ ጥፋተኛው በሕይወት ቆሞ መገኘቱን ይፈልጋል። ስለዚህ ምክሬ አንድ ነው፤ እኩያችሁን አትግደሉት። የመጨረሻውን ክፍል ለእርቁ ስጡት።

እንዴት ይሠራ? ስድስት ክፍል ያለው፣ እያንዳንዱ 15 ደቂቃ ያህል የሚሆን ድራማ እንበል። ቦታው ቦርከና ነው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ በ25 ኪሎ ሜትር ርቀት ወደ 1,850 ሜትር። ወንዙ ቁልቁል ኮምቦልቻን አልፎ ወደ ጨፋ ሜዳ ይሄዳል። ከዛሬ 150 ዓመት በኋላ ከላይ አንድ የውሃ በር አለ፤ በሩን የሚያዝ አንድ ሹም አለ፣ ጭምብል ያጠለቀ። ለምን ክፉ ሆነ? የ1966ቱና የ1977ቱ ረሃብ ታሪክ ከትውልድ ወደ ትውልድ ተነግሮት ነው ያደገው። «ዳግመኛ በወሎ ምድር ማንም ሳይቆጠር አይሞትም» ብሎ ምሏል። ስለዚህ ይቆጥራል። ይህ ምክንያት የወሎ አድማጭ ቶሎ ሊፈርድበት የማይችለው ምክንያት ነው፤ የሚያስፈልጋችሁም እሱ ነው። ለሥልጣን ብቻ የሚሠራ እኩይ የሚከፈል ልብ የለውም።

መሰላሉን በሊትር ሥሩት። በአስቸኳይ ጊዜ እርዳታ የሚሠራበት ዝቅተኛ መለኪያ ለአንድ ሰው በቀን 15 ሊትር ነው። በሁለተኛው ክፍል 15 ላይ ነው፤ ማንም አይጠላውም። በሦስተኛው ክረምቱ ይዘገያል፣ 10 ያደርገዋል፣ ለራሱም 10። በአራተኛው 7፤ ምግብ ለማብሰልና ለመጠጣት ብቻ። በአምስተኛው በጨፋ አንድ መንደር ሊያምፅ ነው፤ ዜሮ። ሹሙ ማብሪያው ላይ እጁን አሳርፎ ያነሳዋል፤ መጫን አልቻለም። ማሽኑ ግን ቀድሞ በተሰጠው መመሪያ በሩን ራሱ ይዘጋዋል። እያንዳንዱ እርከን የራሱ ምክንያት ይኑረው፤ ቁጥሩ ያለ ምክንያት ከወረደ አድማጩ ደራሲው ገፋው ይላል።

ስለ ስሙም አንድ ነገር። በስታር ዋርስ ስም መቀየር ራሱ የክህደት ምልክት ነው፤ አናኪን ቬደር ሲሆን፣ ቤን ካይሎ ሲሆን ወደቀ ማለት ነው። እኛ ዘንድ ይህ ቀጥታ አይሠራም። በወሎ በአንድ ቤት መሐመድም ገብሬም አሉ፤ ስም መለወጥ ብቻውን ማንንም አያስደነግጥም። ሹሙን የሚያጋልጠው ሌላ ነገር ይሁን፣ አማርኛ የሰጠን ትልቅ መሣሪያ አለ፤ አክብሮት። ሹሙ ሰውን ሁሉ «አንተ»፣ «አንቺ» ይላል። ከታችኛው መንደር የመጣች አንዲት አሮጊት ፊቱ ትቆማለች። «ውጪ!» ይላታል። አሮጊቷ አትንቀሳቀስም። «ልጄ፣ የማን ልጅ ነህ?» ትለዋለች። ሹሙ ትንሽ ዝም ይልና «ይውጡ» ይላል። አንዲት ቃል። ያሳደገው ቤት በአፉ ወጣ። ይህን ያለ ምንም ማብራሪያ ተዉት፤ ሌላ ገጸ ባሕርይ «አየህ፣ አከበራት» ካለ ተበላሸ።

ድምፁን በተመለከተ፣ የቬደር ትንፋሽ የተቀዳው በጠላቂ ዋናተኞች መተንፈሻ ነው። እናንተም ትንፋሹን ለብቻው፣ ንግግሩን ለብቻው ቅዱ። ንግግሩን ከሦስት ሴሚቶን (ግማሽ ድምፅ) በላይ አታውርዱት። ከፍተኛውን ድምፅ ፈጽሞ ከቆረጣችሁት ጠ እና ተ፣ ቀ እና ከ ይቀላቀላሉ፤ የእነ ጠ እና ቀ ፍንዳታ ያለው እዚያ ነውና። «ውሃው ጠፋ» ያለው ሹም «ውሃው ተፋ» ያለ ይመስላል፣ ትዕይንቱም አበቃለት።

ለሙዚቃው ከቤት ራቅ ማለት አያስፈልግም፤ የቅኝት ስም የሆኑት አምባሰልም ባቲም የእኛው ቦታዎች ናቸው። ለሹሙ አንቺሆዬ የሚባለውን ቅኝት ስጡት፦ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ። አምባሰል ደግሞ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት ነው። ልዩነታቸው ሁለት ድምፅ ብቻ፤ አንዱ በግማሽ ይወጣል፣ አንዱ በግማሽ ይወርዳል። «ይውጡ» ሲል ጂ ፍላቱን ብቻ ወደ ጂ አውጡት። ያኔ የሚሰማው ከአራቱ ቅኝቶች፣ ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺሆዬ፣ አንዱም አይደለም፤ ማሲንቆው የጠፋበት ይመስላል። የሚወርደውን ሁለተኛ ድምፅ፣ ኤውን፣ እስከ ስድስተኛው ክፍል አትንኩት። የቬደር የታወቀው ማርሽ የመጣው በ1980 ነው፤ በ1983 ሲሞት ያው ዜማ ቀስ ብሎ ወርዶ በበገና መሰል ሃርፕ ያልቃል። ዜማው አልተቀየረም፣ የሚጫወተው መሣሪያ ተቀየረ። እኛ ግን ቅኝቱን ራሱን መቀየር እንችላለን።

ስድስተኛው ክፍል እንግዲህ ጨፋ ላይ ነው፣ ከዛፍ ሥር። ሽማግሌዎቹ ሦስት ጊዜ ሄደው ሁለቴ ተመልሰዋል፤ ይህን በአጭሩ እለፉት፣ ግን አትዝለሉት፣ እርቅ በአንድ ጉዞ የሚገኝ ከሆነ ዋጋ የለውም። ሹሙ ያለ ጭምብል ይመጣል፤ የመተንፈሻው ድምፅ የለም፣ የሰው ትንፋሽ ብቻ። ይቅርታ የሚለምን ሰው ድንጋይ ተሸክሞ እንደሚቀርበው፣ እሱ የተሸከመው 20 ሊትር ውሃ የሞላ ጀሪካን ነው፤ 20 ኪሎ። ውሃው ውስጡ ሲንቦጫረቅ ይሰማል፣ እየቀረበ። የሞቱትን በስማቸው ይጠራል፣ ቁጥር አይናገርም። ማሲንቆው ኤውን ወደ ኤ ፍላት ያወርዳል። አሮጊቷ እዚያ አለች። ይቅር ብዬሃለሁ አታስብሏት፣ አልልህምም አታስብሏት። የሚሰማው የጀሪካኑ ክዳን ሲከፈት ነው።