ሲቪያችሁን ከመላካችሁ በፊት

ሰላም ናችሁ? ከኋላ ያላችሁ ድምፄ ይሰማል? እሺ። ከኮዬም ከገላንም በዚህ የታክሲ ሰልፍ እዚህ ቱሉ ዲምቱ ድረስ ለመጣችሁ ሁሉ አመሰግናለሁ። ስራዬ ኤችአር ነው፣ ማስታወቂያ ሲወጣ የሚመጣውን ሲቪ አይቶ ለኢንተርቪው የሚጠራውን መለየት። ስለ ኢንተርቪው ዛሬ አላወራም፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው እዛ ሳይደርስ ነው የሚቀረው፣ ያውም ችሎታ አንሶት ሳይሆን በማይረባ ነገር።

ከሁሉም የሚያስቸግረኝ ዓመተ ምህረት ነው። ልጁ ተመረቅኩ ብሎ ሐምሌ 2023 ይጽፋል፣ በፈረንጆቹ መሆኑ ነው፣ ያ የመውጫ ፈተና የተጀመረበት ዓመት፣ እሺ ጥሩ። ዝቅ ስትሉ ስራ የጀመርኩት ጥቅምት 2016 ይላል፣ የስራ ልምድ ደብዳቤው ላይ በእኛ የተጻፈውን እንዳለ ገልብጦት ነው። በቃ ሰውዬው ከመመረቁ 7 ዓመት ገደማ በፊት ተቀጥሯል! እኔማ አበሻ ነኝ ይገባኛል፣ ግን ቂሊንጦ ወይ ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ስታመለክቱ ወረቀቱን የሚያየው የውጭ ሰው ሊሆን ይችላል፣ እሱ ደግሞ ቁጭ ብሎ አይደምርላችሁም፣ ይሄ ልጅ ዋሽቷል ብሎ ያልፋል። ስትቀይሩም በደፈናው 8 አትደምሩ፣ ከመስከረም 1 እስከ ታህሳስ 22 አካባቢ የሚደመረው 7 ነው፣ ከዛ በኋላ ነው 8 የሚሆነው። ስለዚህ ጥቅምት 2016 ማለት ኦክቶበር 2023 ነው። ሁሉንም በአንዱ ጻፉና የትኛው እንደሆነ አንድ ቦታ ላይ ግለጹ፣ አለቀ።

ስም ደግሞ አለ። የ12ኛ ክፍል ካርድ ላይ በአንድ ኢ፣ ዲግሪው ላይ በሁለት ኢ፣ ሲቪው ላይ ደግሞ ሶስተኛ ዓይነት። ዲግሪያችሁ ላይ እንዳለው አድርጉት፣ ፋይዳ ላይ ያለውም ከሱ ጋር መግጠሙን እዩ።

ኢንተርኔት ቤት የምታስጽፉ፣ እባካችሁ ስሙኝ። እዛ ያለችው ልጅ የሌላ ሰው ሲቪ ከፍታ ነው ላዩ ላይ የምትሞላላችሁ፣ አልፈርድባትም፣ ሰልፍ አለባት። ግን አካውንቲንግ የተማረች ልጅ ማመልከቻዋ ላይ "በክሊኒካችሁ በነርስነት" የሚል ቀርቶ ሲመጣ፣ ፆታ ወንድ ተብሎ ሲመጣ፣ እኔ ምን ልበል? ከመክፈላችሁ በፊት እዛው ቆማችሁ ከላይ እስከ ታች አንብቡት፣ ቢያጉረመርሙባችሁም አንብቡት። በአማርኛ ያስጻፋችሁት በፓወር ግዕዝ ከሆነ ደግሞ በወርድ አትላኩ፣ ፎንቱ የሌለው ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የፈረንጅ ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ብሎ ነው የሚመጣው። ፒዲኤፍ አድርጉልኝ በሏት፣ የደቂቃ ስራ ነው።

የግል ድርጅት ልምድ ይዛችሁ መንግስት ቤት የምታመለክቱ፣ ደብዳቤው ላይ የስራ ግብር መከፈሉ መጠቀሱን እዩ፣ ብዙ ቦታ ይጠይቃሉ። ሲቪው ላይ 2 ዓመት ብላችሁ ደብዳቤው 1 ዓመት ከ8 ወር ካለ ደግሞ ደብዳቤውን ነው የምንይዘው፣ 2ቷን ያየ ሰው የቀረውንም መጠራጠር ይጀምራል።

ስልክ ላይ ልጨርስ። +251 ካላችሁ በኋላ 09 ወይ 07 አይባልም፣ ዜሮዋ ትወጣለች። ሳፋሪኮም አውጥታችሁ የድሮውን ሲም መሳቢያ ውስጥ የጣላችሁም አላችሁ፣ አውቃችኋለሁ፣ ሲቪው ላይ ያለው ግን የድሮው ነው። እኔ ስደውል ዝግ ከሆነ ሁለቴ እሞክርና ወደ ቀጣዩ ሰው ነው የማልፈው። አሁን ሲቪ ይዛችሁ የመጣችሁ አጠገባችሁ ላለው ሰው ስጡት፣ ሌላውን ትቶ ወረቀቱ ላይ ያለውን ቁጥር እንዳለ ይደውል። ስልኩ ያልጮኸለት ሰው ወደፊት ይምጣ፣ እስክሪብቶ አለኝ።