ዓላማውን የማይደብቅ ማግባባት

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። ዛሬ እንግዳ የለኝም። ሰውን ስለ ማሳመን ጥቂት ላውራችሁ።

የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ ሲባል ብዙዎች የሚታያቸው መጥፎውን ነገር በመልካም ቃል የሚሸፋፍን ሰው ነው። ሙያው ይህን ስም ያተረፈው በከንቱ አይደለም። እኔ ግን አይቪ ሊ የተባለውን አሜሪካዊ የሙያው ፈር ቀዳጅ ደጋግሜ አስበዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1906 በአትላንቲክ ሲቲ የፔንሲልቫኒያ የባቡር ኩባንያ ባቡር ከድልድይ ላይ ወደ ውኃ ገብቶ ከ50 በላይ ሰዎች ሞቱ። በዚያ ዘመን የባቡር ኩባንያዎች አደጋን መደበቅ ይቀናቸው ነበር። ለኩባንያው ይሠራ የነበረው ሊ ግን ጋዜጠኞች ወደ ስፍራው እንዲሄዱ፣ የታወቀውም ሁሉ በጽሑፍ እንዲሰጣቸው አደረገ። በዚያው ዓመት ሥራው በግልጽ እንደሚከናወን፣ ጋዜጦችም የሰጣቸውን መረጃ ማጣራት ቢፈልጉ እንደሚተባበራቸው የሚገልጽ መግለጫ አውጥቶ ነበር።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደስ ባለኝ። በ1914 በኮሎራዶ፣ ሉድሎ በተባለ ቦታ፣ የሥራ ማቆም አድማ የመቱ የከሰል ማዕድን ሠራተኞች የድንኳን ሰፈር ተቃጥሎ ሴቶችና ሕፃናት አለቁ። ሊ ከዚያ በኋላ የማዕድን ኩባንያውን ለሚቆጣጠረው ለባለጸጋው የሮክፌለር ቤተሰብ ሲሠራ ያሰራጫቸው ጽሑፎች ብዙ ሐሰት ነበረባቸው። በምርመራ ሲጠየቅም፣ ከማዕድን ኩባንያው ሰዎች የተቀበለውን ሳያጣራ እንዳወጣው ተናገረ። አጣሩኝ ብሎ ሙያውን የጀመረው ያው ሰው! ስለዚህ ቅን ነኝ የሚለኝ ሰው ቃሉ ብቻውን አይበቃኝም። ማን እንደሚከፍለውና የሌላውን ወገን ጠይቆ እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ።

የሌላው አሜሪካዊ የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ፣ የኤድዋርድ በርኔስ ነገር ደግሞ ከዚህ ይረቅቃል። በ1929 በኒው ዮርክ የፋሲካ ሰልፍ ላይ ወጣት ሴቶች በአደባባይ ሲጋራ እንዲለኩሱ አደራጀ፤ ሲጋራውም «የነፃነት ችቦ» ተባለ። ወሬው በየጋዜጣው የእኩልነት ጥያቄ ሆኖ ወጣ። ከጀርባው የቆመው ግን ገበያውን ማስፋት የፈለገ የትምባሆ ኩባንያ ነበር። ሴቶቹ እውነተኛ ነበሩ፤ በሴቶች ላይ የነበረው አድልዎም እውነት ነበር። የተደበቀው ከፋዩ ነው። እርሱ በይፋ ቢነገር ኖሮ ትርዒቱ ሁሉ ማስታወቂያ ሆኖ በቀረ ነበር። በ1906 ጋዜጠኞቹ የተጋበዙትም የኩባንያውን ስም ለማዳን ነው፤ ይሁን እንጂ ይህ ቢነገራቸውም ከድልድዩ ሥር የሚያዩት ነገር አይለወጥም ነበር።

በዕለት ተዕለት ኑሮም የምመዝነው በዚህ ነው፤ ዓላማው በይፋ ቢነገር ነገሩ ይለወጣል ወይስ አይለወጥም? ለወራት የጠፋ ወዳጅ ይደውላል። ጤናችሁን ይጠይቃል፣ ሥራችሁን ያደንቃል፣ ልጆቻችሁን በየስማቸው ያነሣል፤ ስልኩ ሊዘጋ ሲል ብድር ይጠይቃል። መበደር ነውር የለበትም። ነገር ግን ያ ሁሉ ሰላምታ ወደ ኋላ ተመልሶ ይመርራል። «ተቸግሬ ነው የደወልሁት» ብሎ ቢጀምር ኖሮ፣ ስለ ልጆቹ የጠየቀውን ከልቡ ነው ብለን በተቀበልነው።

አክብሮት ግን ከዚህም በላይ ይጠይቃል፤ ለእምቢታ ቦታ መተውን። ሰውን በብዙ ሰው ፊት ውለታ የሚጠይቅ፣ ይሉኝታውን አስይዞ የሚደራደር ነው። አንድም ቃል አልዋሸ ይሆናል፤ ቢሆንም አላከበረውም።

የሚከብደኝ የአለቃ ጉዳይ ነው። አለቃ ሠራተኛውን «ፈቃድህ ከሆነ ቅዳሜ ግባ» ሲለው፣ ሁለቱም ፈቃድ እንዳልተጠየቀ ያውቃሉ። በዚህ ጊዜ ትእዛዙን ትእዛዝ ብሎ መናገር ይሻላል ባይ ነኝ። ሠራተኛው ቅዳሜውን ያጣል፤ ወድዶ የመጣ ለመምሰል ግን ፈገግ ማለት አይጠበቅበትም።