ኪራዩ አንድ ፍሬ ቁንዶ በርበሬ ነው?

ባለፈው ሳምንት ስለ ድሮ የእንግሊዝ መሬት ኪራይ ካወራን ወዲህ ስልኩ አላረፈም። ሦስቱን ጥያቄዎች ልመልስ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ (ለንደን የሚኖሩ አድማጭ)፦ አዲስ አፓርታማ ገዛሁ። ውሉ ላይ የመሬቱ ኪራይ በዓመት «አንድ ፍሬ ቁንዶ በርበሬ» ይላል። ቀልድ ነው?

መልስ፦ የምር ነው። ግን ቁንዶ በርበሬ ፍለጋ ገበያ አይውጡ። ድሮ ቅመሙ ውድ ስለነበር እየተመዘነ ኪራይ ይከፈልበት ነበር። ኋላ ላይ ውል ያለ ክፍያ እንዳይሆን ያህል አንዲት ፍሬ ለስም ቀረች። ከጁን 30 ቀን 2022 ወዲህ በአብዛኞቹ አዳዲስ የረጅም ጊዜ የመኖሪያ ሊዞች ላይ ባለመሬቱ ከዚህ በላይ እንዳይጠይቅ ሕጉ ይከለክለዋል። የሕንፃው ጥገና ወጪ ግን ሌላ ነው፤ እሱን ይከፍላሉ።

ጥያቄ (ከአዳማ)፦ ኪራይ በእህል ሲሆን፣ እህል ቢወደድ ማን ይጎዳል?

መልስ፦ ተከራዩ! የኦክስፎርድና የካምብሪጅ ኮሌጆች ይህን ቀድመው ገብቷቸዋል። መሬታቸው በቁርጥ ገንዘብ ለረጅም ዘመን ተከራይቶ ነበር። ገንዘቡ ደግሞ ከዓመት ዓመት ዋጋ እያጣ ሄደ። በ1576 በወጣ ሕግ ከኪራዩ ሲሶው በስንዴና በብቅል እንዲሆን ተደረገ። (የእኛን ሲሶ አራሽ እንዳያስቡ። ይሄ የኪራዩ ሲሶ ነው እንጂ የምርቱ አይደለም።)

ስሌቱ እንዲህ ነው። የድሮ ኪራይ 20 ሺሊንግ ነው እንበል። ሲሶው 6 ሺሊንግ ከ8 ፔንስ ነው (ያኔ አንድ ሺሊንግ 12 ፔንስ ነበር)። ሕጉ በዚህ ሂሳብ አንድ «ኳርተር» ስንዴ ቆረጠ፤ ከሁለት ኩንታል ትንሽ ይበልጣል። ስንዴው 40 ሺሊንግ ቢገባ፣ ተከራዩ ወይ እህሉን ያመጣል ወይ 40 ሺሊንጉን ይቆጥራል። የቀረው 13 ሺሊንግ ከ4 ፔንስ ደግሞ እንደ ድሮው ይከፈላል።

ጭቅጭቅ የሚነሳው «በየትኛው ገበያ ዋጋ?» ሲባል ነው። ሕጉ ይህን አልዘነጋም። ገበያዎቹን በስም ጠራ፦ ካምብሪጅ፣ ኦክስፎርድ፣ ዊንቸስተርና ዊንዘር። ቀኑንም ቆረጠ፦ ከመክፈያው ቀን በፊት ያለው የመጨረሻ የገበያ ቀን። ዋጋው ደግሞ የምርጡ እህል ነው። ገለባ የበዛበትን ስንዴ ዋጋ ጠርቶ ማምለጥ የለም። የጻፈው ሰው ገበሬም ነጋዴም በደንብ የሚያውቅ ይመስለኛል።

ጥያቄ (ከሐዋሳ)፦ አልከፍልም ቢልስ?

መልስ፦ ባለመሬቱ ፍርድ ቤት ሳይሄድ ከብቱን ነድቶ በረት ያስገባዋል። ግን ሌላ የሚያዝ ንብረት እያለ የእርሻ በሬ አይነካም። የተያዘው መያዣ ብቻ ስለነበር መሸጥም አይቻልም ነበር። በ1689 ግን በ5 ቀን ውስጥ ካልተመለሰ እንዲሸጥ ተፈቀደ። ተከራዩም መላ ነበረው፦ ዋስ ጠርቶ ከብቱን ያስመልስና ሙግቱን ከዚያ ይቀጥላል። ይህ የባለመሬት መብት ተሽሮ ያበቃው ገና በ2014 ነው።