የጳጉሜን ልጆች የት ገቡ?

ዳታን ከአንድ ዳታቤዝ ወደ ሌላው ስለማሻገር፣ ደሴ ላይ ለተሰበሰቡ የኮምፒውተርና የመዝገብ ቤት ሠራተኞች የቀረበ ንግግር

አሰላሙ አለይኩም፣ እንደምን ዋላችሁ!

ከኮምቦልቻ፣ ከሐይቅ፣ ከወልዲያ የመጣችሁ፣ እንኳን በደኅና መጣችሁ። ሐረጎን በጉም ወጥታችሁ የደረሳችሁም አላችሁ። ስለዚህ ጊዜያችሁን አላባክንም፣ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

የማወራው ስለ አንድ ሥራ ነው። መሥሪያ ቤቱ አሮጌ ሲስተም አለው፣ አዲስ ያሠራል፣ ከዚያ እኛን ይጠራንና "ዳታውን ብቻ አሻግሩልን" ይለናል። ይቺ "ብቻ" የምትል ቃል ብዙ ጉድ ይዛ ነው የምትመጣው። ዛሬ የመጣሁት ስለሷ ልነግራችሁ ነው።

የአንድ ክሊኒክ ታሪክ ላውራችሁ። ስሙን አልጠራም። እዚሁ ወሎ ውስጥ ያለ፣ ማዋለጃ ያለው ክሊኒክ ነው። የእናቶችና የሕፃናት መዝገቡ ለዓመታት የኖረው ማይኤስኪውኤል በሚባል የዳታቤዝ ፕሮግራም የድሮ ቨርዥን ላይ ነው። አዲሱ ሲስተም ደግሞ የሚሠራው በሌላ የዳታቤዝ ፕሮግራም፣ በፖስትግሬስ ነው። ሁለቱም ቴብል አላቸው፣ ሁለቱም ረድፍና ኮለም አላቸው፣ ሁለቱም ኤስኪውኤል የሚባለውን የዳታቤዝ ቋንቋ ይናገራሉ። ከሩቅ ለሚያየው ከአንዱ ጋን ቀድቶ ሌላው ጋን ውስጥ መገልበጥ ነው።

ቀዳሁ። የሕፃናቱን ቴብል ወደ ሲኤስቪ፣ ማለትም በኮማ ወደተለየ የጽሑፍ ፋይል አወጣሁና ፖስትግሬስ ውስጥ ኮፒ በሚባለው ትእዛዝ ላስገባው ሞከርኩ። ትንሽ ሄዶ ቆመ። የረድፉን ቁጥር ነገረኝ፣ አልቀበልም ያለውን ቀንም አሳየኝ፦ 0000-00-00። ዜሮ ዓመት፣ ዜሮ ወር፣ ዜሮ ቀን። ኮፒ ደግሞ አንዲት ረድፍ ከተበላሸችበት ከሷ በፊት ያነበባቸውንም አብሮ ይሰርዛል፣ ስለዚህ ቴብሉ ባዶውን ቀረ።

አንድ ባልደረባዬ "ለምን በፒጂሎደር አትሞክረውም?" አለኝ። ጥሩ መሣሪያ ነው፣ በነፃ የሚገኝ ነው፣ ከማይኤስኪውኤል በቀጥታ እያነበበ ፖስትግሬስ ላይ ይጽፋል። ሞከርኩት። ምንም ሳይል ጨረሰ። ረድፎቹን ቆጠርኩ፣ እዚያም እዚህም እኩል ናቸው። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ላፕቶፑን ዘግቼ ወደ ቤቴ ልሄድ ተነስቼ ነበር። ግን ያ ዜሮ ቀን የት ገባ? ቅድም ፖስትግሬስ በር ላይ ያቆመው ነገር አሁን እንዴት አለፈ? ተመልሼ ሳይ የትውልድ ቀናቸው ባዶ የሆነ ልጆች አሉ። ፒጂሎደር ሌላ ትእዛዝ ካልሰጣችሁት በስተቀር ዜሮ ቀንን ወደ ባዶ ነው የሚለውጠው። መመሪያው ላይም ተጽፏል፣ የደበቀው ነገር የለም። የጠፋው ጩኸቱ ነው እንጂ ችግሩ አልጠፋም።

የልጆቹን የካርድ ቁጥር በወረቀት ጽፌ ካርድ ክፍል ሄድኩ። እዚያ ብዙ ዓመት የሠሩ አንዲት እናት አሉ። "እትዬ፣ የእነዚህን ቀን ይፈልጉልኝ" አልኳቸው። መነጽራቸውን አደረጉ፣ ጠርዙ በፕላስተር የተለጠፈ ትልቅ የወሊድ መዝገብ ከመደርደሪያው አወረዱ፣ መስመሩን በጣታቸው እየተከተሉ የመጀመሪያውን አዩ፣ ሁለተኛውን አዩ፣ ሦስተኛውን አዩ። ከዚያ ቀና ብለው "የኔ ሸጋ፣ እነዚህኮ የጳጉሜን ልጆች ናቸው" አሉኝ።

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። የድሮውን ሲስተም የሠራው ሰው የኢትዮጵያን ቀን እንዳለ ዴት በሚባለው የቀን ኮለም ውስጥ ነበር የሚያስገባው። ዴት ኮለም ደግሞ የሚያውቀው የፈረንጁን አቆጣጠር ብቻ ነው፣ 13ኛ ወር ብሎ ነገር አያውቅም። ጳጉሜን 3 ቀን 2005 ሲሰጡት 2005-13-03 ሆኖ ይደርሰዋል። የድሮው ማይኤስኪውኤል፣ የተሳሳተ ዳታ አልቀበልም የሚያሰኘው ጥብቁ ሞድ ካልበራ፣ "እንዲህ ያለ ቀን የለም" ብሎ አይመልስም። ማስጠንቀቂያ ቢጤ ይሰጥና ዜሮ ጽፎ ያልፋል፣ ማስጠንቀቂያውን ደግሞ መዝጋቢዋ አታየውም። ጥብቁ ሞድ ማንም ሳይነካው በርቶ መምጣት የጀመረው ከማይኤስኪውኤል ቨርዥን 5.7 ወዲህ ነው፣ እሱም የወጣው በፈረንጆቹ 2015 ነው። ከዚያ በፊት የተተከለ ሲስተም በእጃችሁ ካለ ዛሬውኑ ግቡና ዜሮ ቀን ፈልጉበት።

ጳጉሜን ብቻም አይደለም። የኛ 12 ወሮች እያንዳንዳቸው 30 ቀን አላቸው። የፈረንጆቹም ከፌብሩዋሪ በቀር 30 ወይም 31 ናቸው። ሁለተኛው ወራችን ጥቅምት ነው፣ ለዴት ኮለም ግን 2 ማለት ፌብሩዋሪ ነው። ስለዚህ ጥቅምት 30 የተወለደ ልጅ ሁልጊዜ ዜሮ ይገባለታል። ጥቅምት 29 የተወለደውም፣ የተጻፈው ዓመት ለአራት እኩል ካልተካፈለ፣ ዜሮ ነው። የቀረው ዓመት ሙሉውን ምንም ሳይል ያልፋል፣ ለዚህ ነው ስንት ዓመት ማንም ሳያየው የቆየው።

ያለፉትስ ደኅና ናቸው? አይደሉም። መስከረም 5 ቀን 2005 የተወለደ ልጅ ዳታቤዙ ውስጥ ጃንዋሪ 5፣ 2005 ሆኖ ተቀምጧል። በፈረንጁ የተወለደው ግን ሴፕቴምበር 15፣ 2012 ነው። አዲሱ ሲስተም ዕድሜውን ሲያሰላ ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ጨምሮ ያወጣዋል። የሕፃን መድኃኒት በዕድሜና በክብደት ተለክቶ እንደሚታዘዝ ታውቃላችሁ። ይሄ ነገር የኮምፒውተር ክፍል ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ የምለው ለዚህ ነው።

ከዚህም የባሰው ሁለቱ አቆጣጠር አንድ ኮለም ውስጥ ሲደባለቅ ነው። አንዷ መዝጋቢ በኛ ትጽፋለች፣ ሌላዋ በፈረንጁ። ቀኑ 31 የሆነ ካገኛችሁ እሱ በእርግጠኝነት የፈረንጅ ነው፣ በኛ 31 የለምና። ሌላውን ግን ከወረቀቱ ጋር ካላመሳከራችሁ ልታውቁት አትችሉም። ግምት እዚህ ቦታ የለውም።

ከዚያ በኋላ አሠራሬን ቀየርኩ። አሁን ማንኛውንም ዳታ ሳሻግር በመጀመሪያ አዲሱ ዳታቤዝ ውስጥ ሁሉም ኮለም ጽሑፍ ብቻ የሆነ መቆያ ቴብል እሠራለሁ። ቀኑም ጽሑፍ፣ ቁጥሩም ጽሑፍ። አሮጌው ያለውን እንዳለ እዚያ አራግፈዋለሁ። የማጣራው፣ የምለውጠው፣ የምጠይቀው ከዚያ ላይ ነው፣ የጠራው ብቻ ወደ ዋናው ቴብል ይገባል። የኢትዮጵያውን ቀን ደግሞ አልጥለውም። ከፈረንጁ ጎን በራሱ ኮለም፣ በጽሑፍ፣ እንደተመዘገበ ይቀመጣል። ቦታ አይፈጅም፣ ነገ ጥያቄ ሲነሳ መልሱ እሱ ጋ ነው።

ግን ሁለቱም ኤስኪውኤል ከተናገሩ ለምንድን ነው የማይግባቡት? የዚህ ሁሉ ዳታቤዝ ሐሳብ የመጣው ከአይቢኤሙ ተመራማሪ ከኤድጋር ኮድ ነው፣ በፈረንጆቹ 1970። ኤስኪውኤል በአሜሪካ በስታንዳርድነት የጸደቀው በ1986 ነው። ኦራክል የሚባለው ዳታቤዝ ለገበያ የቀረበው ግን ከዚያ ቀድሞ በ1979 ነው። ማይኤስኪውኤል በ1995 መጣ። ፖስትግሬስ ደግሞ ሥሩ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ነው። ሁሉም ስታንዳርዱን ይዞ የራሱን ጨመረበት። የኛን አማርኛ እዩት። ወሎ "አብሽር" ብሎ ያጽናናል፣ ጎጃሜው በራሱ ቃል፣ ጎንደሬውም በራሱ ቃል። እንግባባለን፣ ግን ቃል በቃል የገለበጠ ሰው ይሳሳታል። ለምሳሌ ኦራክል ባዶ ጽሑፍን "ምንም የለም" ብሎ ነው የሚይዘው። ፖስትግሬስ ጋ ግን "ባዶ ተብሎ ተጻፈ" እና "አልተጻፈም" የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ወደ ፊደላችን ልምጣ፣ ይሄ ለኛ የተለየ ፈተና ነው። የኢትዮጵያ ፊደል፣ ለየቋንቋው ፊደላት የኮምፒውተር ቁጥር በሚሰጠው ስታንዳርድ በዩኒኮድ ውስጥ የገባው በፈረንጆቹ 1999 ነው፣ ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የዩኒኮድ አጻጻፍ ሲጻፍ አንዱ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። ማይኤስኪውኤል ግን እስከ 8.0 ድረስ ካልነገሩት በስተቀር ዳታውን ላቲን-1 ብሎ፣ ማለትም የምዕራብ አውሮፓ ፊደል አድርጎ ነበር የሚይዘው። በዚህ ዓይነት ሲስተም አማርኛ ስትጽፉ ስክሪኑ ላይ ደኅና ይታያል፣ ዳታቤዙ ግን አንዷን ፊደል ሦስት የላቲን ፊደል አድርጎ ነው የሚቆጥራት። መፈተኛው ቀላል ነው። "ሰላም" የሚል ቃል ውስጥ ስንት ፊደል እንዳለ ዳታቤዙን ጠይቁት። 3 ካለ ጤነኛ ነው፣ 9 ካለ ታሟል። የታመመውን በላቲን-1 አውጥታችሁ፣ ፋይሉን ዩቲኤፍ-8 ነው ብላችሁ ማስገባት ነው፣ ይድናል። ፊደሉ መሐል ላይ የተቆረጠ ግን አለ። 50 ቦታ የተሰጠው የስም ኮለም በዚህ አያያዝ የሚችለው 16 የአማርኛ ፊደል ብቻ ነው፣ የልጅ፣ የአባትና የአያት ስም አንድ ላይ ሲጻፍ አልፎት ይሄዳል፣ የመጨረሻዋ ፊደል ተሰብራ ልትቀር ትችላለች፣ ፖስትግሬስም የተሰበረ ፊደል አይቀበልም። በማይክሮሶፍቱ ዳታቤዝ በኤስኪውኤል ሰርቨር ላይ የምትሠሩ ደግሞ፣ አማርኛው ቫርቻር በሚባለው ተራ የጽሑፍ ኮለም ተቀምጦ የጥያቄ ምልክት ከሆነ፣ ከዳታቤዙ ውስጥ አትፈልጉት፣ የለም። ወደ ወረቀቱ ሂዱ።

የስሙስ አጻጻፍ! መሐመድ፣ ሙሐመድ፣ መሀመድ፣ ሙሃመድ። አሊና ዓሊ። ሰይድና ሠይድ። ወሎ ውስጥ ይሄ በየረድፉ ነው ያለው። ዳታ ስታሻግሩ "አንድ ወጥ ላድርገው" የሚል ፍላጎት ይመጣባችኋል። እኔ አታድርጉት ነው የምለው። ሰውየው መታወቂያው ላይ የተጻፈው ስሙ ነው። ለፍለጋ ሌላ ኮለም ጨምሩ፣ እሱ ውስጥ ሀን፣ ሐን፣ ኀን አንድ አድርጉ፣ የሰውየውን ስም ግን አትንኩት።

ሁለት ነገር ቶሎ ቶሎ ልበል። ማይኤስኪውኤል ላይ "አዎ ወይም አይደለም" ተብሎ የተሠራ ኮለም ብዙ ጊዜ ትንሽ ቁጥር ነው። ያ ክሊኒክ "ክትባት ወስዷል?" ለሚለው 0 አልወሰደም፣ 1 ወስዷል፣ 2 አልታወቀም ብሎ ይጠቀም ነበር። መሣሪያው በራሱ ሲለውጠው ዜሮ ያልሆነውን ሁሉ "አዎ" ያደርገዋል። ያልታወቀው ልጅ ተከተበ ተባለ ማለት ነው! በእያንዳንዱ ኮለም ውስጥ ምን ምን ዋጋ፣ ስንት ስንት ጊዜ እንዳለ ሳትቆጥሩ አታሻግሩ። ሁለተኛ፣ ዳታውን በኮፒ ካስገባችሁ የካርድ ቁጥር የሚሰጠውን ቆጣሪ ወደ መጨረሻው ቁጥር ማድረሳችሁን አትርሱ። እኔ ረስቼው ሰኞ ጠዋት የመጀመሪያዋ ታካሚ ልትመዘገብ ስትል ሲስተሙ "ይህ ቁጥር ተይዟል" እያለ እምቢ አለ። በር ላይ ሰልፍ ነበር። ሴትቫል በሚባለው የፖስትግሬስ ትእዛዝ በአንድ መስመር ነው የሚስተካከለው፣ ግን እነዚያ እናቶች ቆመው ጠበቁ።

አሮጌውንስ መቼ እናጥፋው? ለዚህ ከተማ ሰው መረጃ መጥፋት ምን ማለት እንደሆነ አልነግረውም። በ2014ቱ ጦርነት ከየመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር ከነመረጃው ሲሄድ አይተናል። ስለዚህ አሮጌውን ዳታቤዝ እንዳለ፣ ሳይነካ፣ ከአንድ በላይ ቦታ፣ አንዱንም ከከተማ ውጭ አስቀምጡት። ወረቀቱንም "ዲጂታል ሆኗል" ብላችሁ እንዳታስጥሉ፣ አደራ።

የእነዚያን ልጆች ቀን የመለስነው ከዚያው መዝገብ ነው። እትዬ ያነባሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። ከሰዓት ጀምረን አመሸን፣ ቡናው ሦስተኛው ደረሰ። መጨረሻ ላይ የቀረችው አንዲት ልጅ ነበረች፣ ጳጉሜን 6 ቀን 2003። ልደቷ በአራት ዓመት አንዴ ነው የሚመጣው። ሴፕቴምበር 11፣ 2011 ብዬ ጻፍኩ፣ ከጎኑም የኛውን ቀን እንደተመዘገበ አስቀመጥኩ። እትዬ መዝገቡን ዘግተው ወደ መደርደሪያው መለሱት።

ከሻይ በኋላ ላፕቶፕ የያዛችሁ እዚሁ ቆዩ። የካርድ ክፍልና የመዝገብ ቤት ሠራተኞችም ቆዩልን፣ ያለናንተ አይሆንም። አሮጌ ቴብል ይዛችሁ ከመጣችሁ ቅጂውን አብረን እንከፍተዋለን፣ ከዴት ኮለሙ እንጀምራለን።

አመሰግናለሁ።